አማቴን ይዤ ኢንሹራንስ ጥየቃ

የሚስቴ ወንድም መኪና ሊገዛ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ያለው ወሬ ይኸው ነው፦ ፒክአፕ ወይስ አውቶሞቢል? ግማሹን ብር የሚያዋጡት አማቴ ስለሆኑ የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነው። እሳቸውም አሰቡ አሰቡና "የኢንሹራንሱ ይጠየቅና ርካሽ የሆነው ይገዛ" ብለው ፈረዱ።

ጠያቂው እኔ ሆንኩ። ቤተሰቡ ውስጥ ኤክሴል የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነኝ ተብሎ ይታመናል። አማቴ ደግሞ "ብቻህን ያታልሉሃል" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉኝ።

ያስተናገደችን ልጅ ጨዋ ናት። መኪናው ሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ከሚከፍለው፣ ከሦስተኛ ወገኑ ጀመረች። እሱ ግዴታ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ያለ እሱ መኪና ማንቀሳቀስ ስለሚከለክል፣ ሦስተኛ ወገን ሳይገቡ ቦሎ የሚባል ነገር የለም። አረቦኑ (የኢንሹራንሱ ክፍያ) እንደ መኪናው ዓይነትና እንደ አገልግሎቱ ይለያያል፤ ግን ለፒክአፕም ለአውቶሞቢልም ቤት የሚያናጋ ገንዘብ አይደለም።

ቤት የሚያናጋው የራስን መኪና ጉዳት ጭምር የሚሸፍነው ሙሉ ዋስትና ነው። እሱ የሚታሰበው ከመኪናው ዋጋ ላይ በፐርሰንት ነው። የመኪና ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፣ ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይመራ ተባለ፣ ከዚያ ወዲህ አሮጌ መኪና እንኳ ባለቤቱን ይንቃል።

"ፒክአፑ ስንት ይገመታል?" አለች ልጅቷ።

"4 ሚሊዮን" ከማለቴ አማቴ እግሬን ረገጡኝ። "ሁለት በላት!" አሉኝ በሹክሹክታ። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ዞር ብሎ አየን።

ልጅቷ ፈገግ አለች። "እማማ፣ በግማሽ ዋጋ ካስመዘገባችሁት ስትጋጩም የምንከፍለው ግማሹን ነው። የ100,000 ብር ጉዳት ቢደርስ 50,000ው ከኪሳችሁ ይወጣል።"

"እንግዲያው ስድስት በላት።"

"ከትክክለኛው ዋጋ በላይም አንከፍልም።"

አማቴ ወደ እኔ ዞረው "ሁሉን ዘግተውታል" አሉ።

ቀጥላ "መኪናው ለምን አገልግሎት ነው የሚውለው?" ስትል ቀድሜ "ለቤት!" አልኩ። ይህቺ ጥያቄ ተራ ትመስላለች እንጂ ዋናዋ እሷ ናት። ያው አንድ ሃይሉክስ ከቤት ቢሮ ብቻ ሲመላለስና ዕቃ እየጫነ ሲሠራ ሒሳቡ ለየቅል ነው። በ4 ሚሊዮን ብር መኪና ላይ አንድ ፐርሰንት ከፍ አለ ማለት በዓመት 40,000 ብር ነው።

"ኧረ ለቤት ብቻ ምን ሲደረግ!" አሉ አማቴ። "ከአዳአ ማኛ ጤፍ ያመጣልናል። የጎረቤትም ይጭናል። አሸዋ አለ። የእድሩ ድንኳንና ወንበር አለ።"

"ለሰው ስትጭኑ ክፍያ ትቀበላላችሁ?"

"በነፃማ ማን ይጭናል፣ የኔ ልጅ?"

የልጅቷ ጣት ኪቦርዱ ላይ ተንቀሳቀሰ። አሳለኝ። አማቴ "ውሃ ስጪው እስቲ" አሉና ቀጠሉ።

"ከኋላ ሰው ይጫናል?"

"ቀብር ሲሆን ታዲያ ለቀስተኛ በእግሩ ይሂድ?"

ልጅቷ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። ጭነት ላይ የተቀመጠ ሰው ጉዳት ቢደርስበት ዋስትናው እንደማይሸፍነው ቀስ ብላ አስረዳች። ጋቢና ውስጥ ወንበር ላይ የሚቀመጡትም ቢሆኑ ለብቻ ተጨማሪ ይከፈልላቸዋል። አማቴ በኀዘኔታ አዩዋት፤ ድንኳን ላይ ተቀምጦ ሠርግ መሄድ ያላየች ምስኪን ልጅ።

"ገጠር ስለሚሄድ ቢ ኤስ ጂ ይጨመርላችሁ?"

"ምንድን ነው እሱ?"

"የወንበዴ፣ የሽፍታ፣ የአማፂ ሽፋን ነው፤ ለብቻው ይከፈላል።"

"ቢሾፍቱ አጠገብ?!" አሉ አማቴ ብድግ ብለው። "እኛ ዘመድ ዘንድ ነው የምንሄደው!"

ይህኔ እኔ ለፒክአፑ ተስፋ ቆርጬ አውቶሞቢሏን አነሳሁ። ያሪስ ናት፣ ዋጋዋም ያንሳል። የግል ከሆነች ሒሳቡም ቀለል ያለ ነው። ስፖኪዮና ፍሬቻ ቢነቀል የሚል ሽፋን ይጨመርላት አልኩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና አቁሞ የሚገባ ሰው ይገባዋል። ልጅቷ ደመረች። ጥሩ ቁጥር ነው። ልነሳ ስል አማቴ በኩራት "ማታ ማታ ደግሞ ራይድ እየሠራ ወጪዋን ትሸፍናለች" አሉ።

"ራይድ ከሆነማ የኪራይ ነው የምትባለው" አለች ልጅቷና ያወጣችውን ቁጥር አጠፋችው። አዲሱ ፐርሰንት ከፒክአፑም በለጠ። የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ አዲስ መሆኑን አማቴ ሳይጠየቁ ሲጨምሩ፣ አደጋ ሲደርስ በራሳችን የምንችለው ኤክሰስም አብሮ ወጣ።

"ዓመት ሙሉ እየከፈልን፣ ስንጋጭ ደግሞ እንደገና ልንከፍል?" አሉ።

ልጅቷ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ስልኬ ጠራ። የሚስቴ ወንድም ነው። ድምፁ ሳቅ ሳቅ ይለዋል።

"ቀብድ ከፈልኩ!"

"የቱን?"

"ፒክአፕ! ሲንግል ጋቢና ነው፣ ግን እንዴት ያለ ንፁህ መሰለህ! እኔና እጮኛዬ ልክክ ብለን ገባን።"

ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማ ነበር። አማቴ ሰምተዋል። ሁለት ጣታቸውን ዘርግተው ትንሽ ቆዩ፣ ወንበር የሚቆጥሩ ይመስለኛል።

"እኔስ የት ልቀመጥ ነው?" አሉ።

ልጅቷ ከእኔ ቀደመች። "እማማ፣ ከኋላ ብቻ እንዳይሉኝ።"