የሰደድ እሳት ካርታ በሌሊት የሚነሳው ለምንድን ነው?

ማታ ከመኝታ በፊት ምድጃ ሲዳፈን እያየሁ ነው ያደግሁት። አመድ የለበሰ ፍም ለዓይን የጠፋ ይመስላል፤ እጁን ጠጋ ያደረገ ሰው ግን ሙቀቱ ይሰማዋል፣ ንጋት ላይ ገለጥ ሲደረግም ቀልቶ ይገኛል። ከአውሮፕላን ላይ በሙቀት ካሜራ የሰደድ እሳትን ካርታ የሚያነሱ ባለሙያዎች ከሚፈልጉት ነገር አንዱ ይኸው የተዳፈነ ፍም ነው።

የአሜሪካ የደን አገልግሎት ይህን ሥራ የሚመራው በአይዳሆ ግዛት ከምትገኘው ከቦይዚ ከተማ ሲሆን፣ ጅማሮው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሚዙላ፣ ሞንታና ከተደረጉ ሙከራዎች ይመዘዛል። አውሮፕላኖቹ በአብዛኛው ሌሊት ይበራሉ፤ ቀን ፀሐይ ያጋለችው ቋጥኝና ገላጣ መሬት ከእሳቱ ጋር ይምታታልና። ለዓመታት ሲያገለግል የቆየው ፊኒክስ የተባለው የሙቀት መቃኛ መሣሪያ ከመሬት 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአንድ ጊዜ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ምድር ይቃኛል፤ ከዚያ ርቀትም ስንዝር የማይሞላ የጋለ ነጥብ ይለያል።

500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የጋለ ፍም አብዝቶ የሚለቀው ጨረር የሞገድ ርዝመቱ 4 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው፤ የተራው መሬት ደግሞ ወደ 10 ይጠጋል። መሣሪያው ሁለቱን እያነጻጸረ እሳትን ከሞቀ አፈር ይለያል። የጭስ ብናኝ ከእነዚህ ሞገዶች እጅግ ስለሚያንስ ጨረሩን ብዙም አያግደውም፤ ወፍራም ደመና ግን ይጋርደዋል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ምስሉ ከወረደ በኋላ ያለው ሥራ ነው። አንድ ባለሙያ ሌሊቱን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ እያንዳንዱን ነጭ ነጥብ ይመረምራል፤ ይህ የሚነድ ግንድ ነው ወይስ የቤት ጭስ ማውጫ? ያ ደግሞ እሳት ነው ወይስ ቀን የሞቀ ኩሬ? የእሳቱን ዳርቻ በመስመር ይከብባል፤ አጥብቆ የሚነደውን፣ የተበታተነውንና ለብቻው ተነጥሎ የቀረውን ለየብቻ ያመለክታል። ካርታው ጠዋት ሠራተኞቹ ከመሰማራታቸው በፊት መድረስ አለበት። ሰዓቱም ይጻፍበታል፤ ነፋስ የተነሳ እንደሆነ የሌሊቱ መስመር እስከ ቀትር ላይቆይ ይችላልና።

በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ጓሳና አስታ ሲቃጠል፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጥተው ነበር። እንደዚያ ባለ ገደላማ ስፍራ ሰው በእግሩ ዳር ዳሩን ዞሮ እሳቱን መለካት አይችልም። የትኛው ሸንተረር ላይ ፍም እንደቀረ ማወቅ ራሱ የማጥፋቱ እኩሌታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ካርታውን ይዞ ነጥቡ ላይ የደረሰው ሠራተኛ አፈሩን በአካፋ ይገልጣል፤ ከዚያም ጓንቱን አውልቆ የእጁን ጀርባ ወደ አመዱ ያስጠጋል።