ስም ሳይጠራ የሚታወቅ ሰው

ደብረ ብርሃን ሆኜ ለአንዲት ትንሽ ጋዜጣ የማኅበረሰብ ጤና ዘገባ በጻፍኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከምንም በላይ የሚያስጨንቀኝ ታማሚውን ከጎረቤቱ ዓይን መሰወር ነው። በትልቅ ከተማ ስም መለወጡ ይበቃ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ግን «መሐል ሜዳ ከተማ ጠላ እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናት» ተብሎ ከተጻፈ ሴትዮዋ ከነአባት ስማቸው ተጠሩ ማለት ነው።

ስለ ዝሆኔ ስጽፍ ጭንቀቴ ይብሳል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ዓይነት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄደውን ሰው የሚይዝ ሲሆን፣ ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በቆዳው አልፈው የሊምፍ ሥሮቹን (ከሰውነት ውስጥ ትርፍ ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች) ስለሚያስቆጡ እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጫማ ማድረግና እግርን ዘወትር በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል፣ ለጀመረውም እብጠቱን ይቀንስለታል። ይሁን እንጂ በአንድ ቤት ደጋግሞ ስለሚታይ «የዘር ነው» ይባልና ሰው የቤቱን ልጆች ለጋብቻ ይሸሻቸዋል። ስለዚህ ሕመሙን በሙሉ፣ ሰውየውን ግን በጥቂቱ እጽፋለሁ፤ ቀበሌውንና ሥራውን እተዋለሁ፣ እግሩም ቢሆን ስለሚታወቅ ፎቶ የማነሳው ሳፋውንና ሳሙናውን ነው።

ወደ ታማሚ ቤት የሚመሩኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። በአንድ ቀበሌ ሁለት ሆነው ቤት ለቤት የሚዞሩት እነዚህ ሴቶች የማን ጓዳ ምን እንዳለ ያውቃሉ። እኔ ሳልደርስ አስቀድመው ለብቻቸው ፈቃድ እንዲጠይቁልኝ እለምናቸዋለሁ፤ ቡና ያፈላ ባለቤት እንግዳውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ይከብደዋልና፣ እኔ ባለሁበት የተሰጠ እሺታ ፈቃድ አይመስለኝም።

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላም ከአገሩ ርቆ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የሚሰነብት ሕመምተኛ አለ። ጸበልተኛን ከየት መጣህ ብዬ አልጠይቅም፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መጠመቅ እንደሚችል ግን ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ እጽፋለሁ።

አዘጋጆች ሰው የሌለበት ዘገባ ይደርቃል ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ታማሚው ራሱ ስሜ ይውጣ ሲል ግን ከቤተሰቡ ጋር እንዲመክር እጠይቀዋለሁ፤ ጋዜጣው በወጣ ማግስት ያው ገበያ የሚወጡት እሱና ልጆቹ ናቸው።