ጭራሮዋ እስክትነቃነቅ

ዛሬ ማታ ልጄ ከጭራሮ መሰል ነፍሳቶቻችን ገና የተፈለፈለችውን አንዷን በሥዕል ብሩሽ አንሥቶ (በወረንጦ ከያዟት እግሯን ጥላ ታመልጣለችና) በአረንጓዴዋ የዛፍ እንቁራሪት ፊት አስቀመጣት። ጫጩቷ የፊት እግሮቿን ወደ ፊት ዘርግታ ደርቃ ቀረች፤ እንቁራሪቷም ሁለት ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ ዓይኗን አፍጥጣ ሳለች ልታያት አልቻለችም፤ የምታድነው የሚንቀሳቀሰውን ነውና።

«እማዬ፣ ዕውር ናት እንዴ?» አለኝ። ስስቅ ትንፋሼ ደረሳት መሰለኝ፣ ጫጩቷ ነፋስ እንደነካው ቅጠል ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች፤ ወዲያውም በእንቁራሪቷ አፍ ገብታ ከዓይናችን ተሰወረች።

ይህ የህንድ ጭራሮ መሰል ነፍሳት ዝርያ ያለ ወንድ ስለሚራባ፣ በ4 ሴቶች የጀመርነው ሣጥን ዛሬ ሞልቷል። ምግባቸው በበረዶው ወራት እንኳ የማይጠፋው፣ ከፍራንክፈርት ዳርቻ የምንለቅመው የጥቁር እንጆሪ ቅጠል ነው። ወለሉ ላይ ከኩሳቸው ጋር ከተደባለቁት ፍሬዎች መካከል ቢጫ ቆብ ያደረጉት እንቁላሎች ናቸው፤ ትርፉን ከመጣላችን በፊት በማቀዝቀዣ በረዶ እናደርገዋለን።

በጫካ ውስጥ ነፋስ ሲመጣ ቅጠሉ ሁሉ ስለሚወዛወዝ አብሮ መወዛወዝ ይሰውራታል፤ በእንቁራሪቷ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ግን ከእሷ በቀር የሚወዛወዝ ነገር አልነበረም።