የባሌ ገበሬ አላማረረም

ሪፖርቱ «በብዛት የሚያማርሩት የባሌና የአርሲ ደጋ ገበሬዎች ናቸው» ይላል። ካርታም ተሠርቶለታል፤ ደጋው በሙሉ ቀይ ነው። አስተባባሪያችን ስክሪኑ ላይ እያሳየ ሲያብራራ አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ ዝም ብላ መቀመጥ አልቻለችም። የባሌ ልጅ ናት። «እነዚህ ሰዎች እኮ ያሉበትን ቦታ ነው የሚናገሩት» አለች።

ሥራችን ገበሬዎች በስልክ የሚልኩትን አጭር መልእክት መለየት ነው። ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ስንዴ ዋግ ይጠይቃሉ። መልእክቱ በአፋን ኦሮሞ ይገባል፤ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ያጸዳዋል፤ ከዚያ ጥያቄ፣ ምስጋና ወይም ቅሬታ ብሎ ይመድበዋል። ማጽጃውን የጻፈው የጃካርታው ቡድን ነው፤ የተጻፈውም ለኢንዶኔዥያኛ ነበር። እዚያ ጥሩ ሠርቷል። ወደ እኛ ሲመጣ ማንም አልነካውም፤ ምክንያቱም «ሁለቱም በላቲን ነው የሚጻፉት» ተባለ።

ኢንዶኔዥያውያን ቻት ሲያደርጉ እንደ እኛው ፊደል ይጎትታሉ። «እሺ» ለማለት መጨረሻዋን አራት አምስት ጊዜ ይደግሟታል። ማጽጃው የተደጋገመውን ፊደል ወደ አንድ ይመልሳል። በቋንቋቸው ሁለት ተመሳሳይ ፊደል ጎን ለጎን የሚቆምበት ቃል ብዙም ስለሌለ ጉዳቱ ትንሽ ነው። «ማአፍ»ን፣ ማለትም ይቅርታን፣ የመሳሰሉትን ደግሞ ለብቻ መዝግበው አስቀርተዋቸዋል። ለቋንቋቸው ተጠንቅቀው ሠርተዋል፤ በዚህ አልወቅሳቸውም።

አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ግን ፊደል የሚደገመው በምክንያት ነው። አናባቢው ሲረዝም ይደገማል፤ ተነባቢው ሲጠብቅም ይደገማል። የግዕዝ ፊደል ሁለቱንም አያሳይም። በ1984 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ የተሰበሰቡት ምሁራን ላቲኑን ሲመርጡ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። «በዳ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። «ዳ» ሲላላ መጥፎ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደጋ። በእኛ ፊደል ሁለቱም አንድ ናቸው፤ በቁቤ ግን ይለያያሉ። ማጽጃው ያንን ልዩነት ነው የጠረገው።

ባልደረባዬ ሳይጸዳ በፊት የነበረውን መልእክት ከፍታ ጮክ ብላ አነበበችው። «ለፍቲ ኬኘ በዳ ዸ።» መሬታችን ደጋ ነው፤ የትኛው የገብስ ዘር ይስማማናል? ሰውየው የጠየቀው ይህንን ነው። ከጸዳ በኋላ «መሬታችን መጥፎ ነው» ሆነ፤ ቅሬታ ተብሎ ተመደበ። ጥያቄው መልስ አላገኘም።

አስተባባሪያችን ግን አልተረታም። «ገበሬው ራሱ ሲጽፍ ፊደል ይቆጥብ የለ እንዴ? ሁሉም በትክክል አይደግምም።»

ይህ እውነት ነው። በስልክ ሲጻፍ ብዙ ሰው ያሳጥራል።

«ይቆጥባል» አለችው። «የሚያነበው ሰው ግን ከገብሱ ያውቀዋል። አንተ በትክክል የጻፈውንም አጠፋህበት።»

«እኔ አይደለሁም፣ ሲስተሙ ነው።»

«ሲስተሙን አፋን ኦሮሞ የሚያነብ ሰው አይቶት ነበር?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ዛሬም ሳስበው የሚቆረቁረኝ ይህ ጥያቄ ነው፤ እሷ ራሷ እዚያው ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብላ ሳለ የጠየቃት አልነበረማ።

ከዚያ በኋላ ፋይሉን አብረን መረመርነው። በኢንዶኔዥያኛ ቃል በአብዛኛው ከፊቱ ቅጥያ ይጨመርበታል። «አጃር» ከሚለው ሥር «በላጃር» መማር፣ «መንጋጃር» ማስተማር ይወጣል። ስለዚህ ማጽጃው ቃሉን ከፊት ይቆርጣል። አፋን ኦሮሞ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ከኋላ ነው፤ «በረቹ» መማር፣ «በርሲሱ» ማስተማር፣ «በሩምሰ» ትምህርት። «ዲ» እዚያ ቅጥያ ስለሆነች ድንቹ፣ «ዲኒቸ»፣ መነሻዋ ተቆርጦ «ኒቸ» ሆና አገኘናት። «ቡኣ»ም፣ ውጤት ወይም ጥቅም ማለት ነው፣ መሃሏ ላይ ያለችው ጭረት እንደ ሥርዓተ ነጥብ ተቆጥራ ተሰርዛለች። ሁዳ የምትባለው ይህች ምልክት ለማጽጃው ቆሻሻ ናት።

ለጃካርታው ባለሙያ ደወልንለት። ከቢሮአችን ሰዎች ቀድሞ ችግሩ የገባው እሱ ነው። የአያቱ ስም እስካሁን በድሮው አጻጻፍ እንደሚጻፍ ነገረን። በሆላንዶች ጊዜ «ኡ» በሁለት ፊደል ትጻፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1947 አንድ ፊደል ተሰጣት። «ች»ም እንዲሁ በሁለት ፊደል ቆይታ በ1972 «ሲ» የምትባለውን ፊደል ብቻ ያዘች። ያቺው ፊደል በቁቤ «ጭ» እንደሆነች ስነግረው ሳቀና «ታዲያ ላቲን ስለሆነ ብቻ ማን ነው አንድ ነው ያላችሁ?» አለን። አስተባባሪያችንም በስልኩ ላይ ነበር።

አንድ የሚያመሳስላቸው ነገርም አገኘን። ኢንዶኔዥያኛ ብዛትን ሲናገር ሙሉ ቃሉን ይደግማል፤ «ቡኩ-ቡኩ» መጻሕፍት ነው። አፋን ኦሮሞ ደግሞ የቅጽሉን መነሻ ይደግማል፤ «ጉዳ» ትልቅ፣ «ጉርጉዳ» ትልልቅ። አማርኛችንም ይደግማል፤ እሱ ግን መሃሉን ነው። የጃካርታው ባለሙያ ይህን ሲሰማ በጣም ደስ አለው፤ ብዙ ምሳሌ አስጽፎን ስልኩን ዘጋ።

ማስተካከያው ቀላል ነበር። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተደገመ ፊደል ወደ ሁለት ይመለሳል እንጂ ወደ አንድ አይወርድም። ሁዳ አትነካም። ከፊት መቁረጥ ቀረ። መልእክቶቹ እንደገና ሲመደቡ የባሌና የአርሲ ደጋ ቀይነት ከካርታው ላይ ጠፋ። ያ ገበሬም ስለ ገብሱ መልስ ተላከለት፤ የዘር ጊዜ አልፎበት ነበር።

አዲሱ ሪፖርት ለውጡን «የመረጃ ጥራት ማሻሻያ» ይለዋል። የባልደረባዬ ስም የለበትም። እንዲገባ በጽሑፍ ጠይቄአለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሶማሊኛ ይጨመር ተባለ። አስተባባሪያችን «የኦሮምኛው ማስተካከያ ይሠራለት የለ? እሱም ላቲን ነው» አለ። ሶማሊኛ ላቲንን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ በቁቤ «ጥ» የሆነችው ፊደል እዚያ «ሐ» ናት፤ «ጭ» የሆነችው ደግሞ «ዐ»። ሠንጠረዡን አዘጋጅቼ ላክሁለት፤ ከሥሩም ኮዱ ከመነካቱ በፊት ሶማሊኛ የሚያነብ ሰው እንዲቀጠር ጻፍሁ። በጀት የለም ብሎ መለሰልኝ። እኔም ቀይ የነበረውን ካርታ አያይዤ መልሼ ላክሁት።