የእማዬ ማሽንና በሙጫ የተሞላው ቦርድ

ሐምሌ ላይ ነው። ባሕር ዳር መብራት ሄዶ ቆየና ሲመለስ ከፍ ብሎ መጣ፤ የእማዬ ልብስ ማጠቢያ ማሽን በዚያው ጸጥ አለ። በስልክ የሚታዘዝ፣ ዋይፋይ ያለው፣ ከተገዛ ሁለት ዓመት ያልሞላው ማሽን ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት እኔና እህቴ አዋጥተን ነበር የገዛንላት። የሸጠልን ቤት ስደውል መልሱ አጭር ነበር፤ ቦርዱ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ለብቻው አይመጣም፣ አዲስ ማሽን ግዙ።

በጣም ተናደድኩ። አሁን ስጽፈውም ያናድደኛል።

ቦርዱን ፈትቼ በፌስታል ጠቅልዬ በባጃጅ ገበያው አጠገብ ወዳለ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ወሰድኩት። ልጁ ገልበጥ አድርጎ አየውና ራሱን ነቀነቀ። ቦርዱ ከዳር እስከ ዳር በጠንካራ ሙጫ ተሞልቷል። ሙጫው እርጥበት እንዳይገባ ነው፤ ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ደግሞ እርጥበት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ያው ሙጫ የጠጋኙ መበየጃ ካውያም እንዳይደርስ ያደርጋል። አንዲት ትንሽ ዕቃ ስትቃጠል ቦርዱ፣ ከቦርዱ ጋርም ማሽኑ ይጣላል ማለት ነው። «ወንድሜ፣ ተወው ልልህ ነበር» አለኝ፣ «ግን እስቲ ሦስት ቀን ስጠኝ።»

የእማዬን የኤሌክትሪክ ምጣድ ተመልከቱ። ከአሥር ዓመት በላይ አገልግሏታል። ሽቦው ሲበጠስ የሚሠራ ሰው ሰፈር ውስጥ አለ፤ ይገለብጠዋል፣ አዲስ ሽቦ በቦዩ ይዘረጋል፣ በማግስቱ እንጀራ ይጋገራል። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሸክላው ብቻ ይቀየራል። ምጣዱን የሠራው ሰው አንድ ቀን እንደሚበላሽ አስቦበታል። የማሽኑ ፋብሪካ ግን እንደሚበላሽ እያወቀ ዘጋው። የማሽኑ ውስጥ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ኩሽኔታም ያው ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ውሃ የሚይዘውን በርሜል በብሎን ከማሰር ይልቅ አጣብቀው ስለሚዘጉት፣ ርካሽ ኩሽኔታ ለመቀየር ሙሉ በርሜል ግዛ ትባላለህ።

አይቻልም እንዳይሉን። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ልብስ ማጠቢያ የሚሸጥ ፋብሪካ ሞዴሉን መሸጥ ካቆመ በኋላ እንኳ ቢያንስ ለ10 ዓመት መለዋወጫ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ቦርድ ጭምር። ጠጋኙ ካዘዘ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ማድረስም አለበት። ፈረንሳይ ደግሞ በዚያው ዓመት ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥንና ልብስ ማጠቢያ ሲሸጥ ለጥገና ምን ያህል እንደሚመች ከ10 ተመዝኖ ከዋጋው ጎን እንዲለጠፍ አስገደደች። እዚያ የሚቻለው እዚህ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። አስመጪዎቻችን መቶ ማሽን ሲያስመጡ አምስት ቦርድ አብረው ቢያስጭኑ ምን ነበረበት?

ስማርት የሚባለው ዕቃ ደግሞ ሳይበላሽም ይሞታል። ሪቮልቭ የሚባል፣ የቤት ዕቃዎችን በስልክ የሚያዝ የ300 ዶላር መሣሪያ ነበር። ድርጅቱን የገዛው ኔስት የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 አገልግሎቱን ሲዘጋው፣ ምንም ያልሆነው መሣሪያ በየሰዉ ቤት ከጥቅም ውጪ ሆነ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ በእጅ ይሠራል ወይ? ቦርዱ ለብቻው ይገኛል ወይ? ሻጩ ከተንተባተበ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

በአራተኛው ቀን ልጁ ደወለ። ሙጫውን በሙቅ አየር እያለሰለሰ ቀስ በቀስ ሲፍቅ ቆይቶ፣ ኃይል የምትመጥን የጥፍር ያህል አይሲ (የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ) ላይ ደርሷል። ምትኳንም መደርደሪያው ላይ ከነበረ የሞተ ቦርድ ነቅሎ አገኘ። ቤት ድረስ መጥቶ ራሱ ገጠመው። «እማማ፣ ይሞክሩት» አለ። እማዬ ቁልፉን ተጫነች፤ ውሃው ሲገባ ሰማነው። እስኪጠግብ መረቀችው፣ ቡናም ሳይጠጣ አልለቀቀችውም።

ሙጫውን መልሶ አልሞላበትም። ለእርጥበቱ ስስ ቫርኒሽ ብቻ ቀባው። ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ የአይሲዋን ቁጥርና ቀኑን በማርከር ጻፈ፤ «ነገ ሌላ ሰው ሲከፍተው እንዳይቸገር» አለኝ።