አቤት ያለው ማን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ጅማ መርካቶ አካባቢ ቡና የሚነግዱ ዘመዳችን አስጠሩኝ። የፊት ለፊቱ ኮምፒውተር ጓዳ ካለው ጋር አልገናኝ ብሎ፣ ደረሰኝ ማተም ቆሟል። «አንተ ኮምፒውተር ትችል የለ?» አሉኝ ጋሼ። እውነቱን ለመናገር፣ ችሎታዬ የጎረቤት ስልክ ላይ ዋይፋይ ከማስገባት ብዙም አያልፍም። ግን ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ሄድኩ። ሸሚዙን ልብ በሉልኝ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እትዬ ቡና ይቆላሉ። እኔ ያንን ጽሑፍ ብቻ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ስከፍት ሁሉም ከበበኝ። ጥቁር መስኮት የከፈተ ሰው እንዴት እንደሚከበር!

«ይሄ ፒንግ ይባላል» አልኩ። «አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን ይጠራል። የተጠራው አቤት ካለ መስመሩ ደህና ነው። ዝም ካለ ወይ መስመሩ ተቋርጧል፣ ወይ ፋየርዎል የሚባለው የኮምፒውተሩ ዘበኛ አፉን ይዞታል። ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል።»

«እንደ ባለዕዳ» አሉ ጋሼ።

ገባቸው ማለት ነው። እኔ እቴ፣ ልቤ አበጠ። ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 እንደሠራው፣ ስሙንም ባሕር ውስጥ ድምፅ ልኮ የሚመለሰውን ከሚያዳምጠው ሶናር እንደወሰደለት ተረክሁላቸው። የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

ሀ ብለው ሲፈትሹ የሚጀመረው በ127.0.0.1 አድራሻ ነው። ጻፍኩ፤ ኢንተርን መታሁ። አራት ጥሪ፣ አራት መልስ፣ ያውም እያንዳንዱ ከ1 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ!

«አቤት አለ!» ብዬ ጮህኩ። ተጨበጨበ። አቦል ቀረበልኝ። ከዚያ የሚቀጥለው ደረጃ ጭብጨባው ውስጥ ጠፋ።

«መስመሩ ሰላም ነው። ችግሩ ፕሪንተሩ ነው» ብዬ ጓዳ ገባሁና ፈታሁት። «ቶነሩ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ የቀለም ዱቄቱን መያዣ አንስቼ።

«ቶናማ ገና ነው ልጄ፣ አቦሉን ጨርስ እንጂ» አሉ እትዬ።

ያን ጊዜ ሳቅኩ። ስስቅ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ጥቁሩ ዱቄት ሸሚዜ ላይ ተዘረገፈ። በውሃ ሳሸው ደግሞ ባሰበት።

ሰባተኛ ክፍል የሚማረው ልጃቸው ይሄን ሁሉ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ያ 127 ምናምን የትኛው ኮምፒውተር ነው?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። 127.0.0.1 ማለት «እኔው ራሴ» ማለት ነው። ገመዱ ሁሉ ተነቅሎ ቢጣል እንኳ አቤት ይላል። ማሽኑ ደህና መሆኑን ለማየት ቀድሞ የሚሞከር እንጂ ጓዳ ድረስ የሚሄድ ጥሪ አይደለም።

«ታዲያ ራስህን ጠርተህ ራስህ አቤት አልክ?» አሉ እትዬ። ጋሼ በርጩማቸው ላይ እስኪንገዳገዱ ሳቁ።

ጠረጴዛው ስር ጎንበስ አልኩ። ገመዶቹ የሚሰበሰቡባት ስዊች አንድም መብራት የላትም። ከኤሌክትሪክ ተነቅላለች። ቦታዋ ላይ የሒሳብ ሠራተኛዋ የስልክ ቻርጀር ተሰክቷል።

«ባትሪዬ 3 ፐርሰንት ሲሆን ምን ላድርግ?» አለች።

ስዊቿን ሰካሁ። በዚህኛው ዙር የጓዳውን ኮምፒውተር ትክክለኛ አድራሻ ጻፍኩ። አራት መልስ መጣ። አሁን ግን ያጨበጨበ የለም። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ ተጠጉና «አሁንስ አቤት ያለው ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ!» አለች የሒሳብ ሠራተኛዋ ከጓዳ።