ሰስ ኮርዱን ወደ ሜጀር አትመልሱት

ዩኩሌሌ (ባለአራት ክር ትንሽ ጊታር መሳይ) ላይ ሰስ ኮርድ መያዝ ከባድ አይደለም። ኮርድ አብረው የሚመቱ ድምፆች ናቸው፤ ሰስ ደግሞ የሜጀሩ ሦስተኛ ድምፅ በሁለተኛው (ሰስ ቱ) ወይም በአራተኛው (ሰስ ፎር) የተተካበት ነው። ሲ ሜጀርን ይዛችሁ ጠቋሚ ጣትን ኢ ክር የመጀመሪያው ፍሬት (የአንገቱ መከፋፈያ) ላይ ጨምሩ፤ ሲ ሰስ ፎር ሆነ። ጂ ሜጀርን ይዛችሁ ትንሿን ጣት ኤ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ አሳርፉ፤ ጂ ሰስ ፎር ሆነ። ይኸው አያያዝ ሲ ሰስ ቱም ነው፤ ድምፆቹ ያው ሲ፣ ዲ እና ጂ ናቸውና። ይህን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ጨረስኩ። ሁለት ወር የፈጀብኝ ሌላ ነው።

ያስተማረኝ ሰው "ሰስ የተንጠለጠለ ኮርድ ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ሜጀሩ መመለስ አለበት" ብሎኝ ነበር። እንደ ሕግ ያዝኩት። ክረምት ገባ፤ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከጎረቤታችን ከክራር ተጫዋቹ ጋሼ ጋር በረንዳቸው ላይ፣ ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። እርሳቸው በግማሽ ትዝታ ቅኝት ሲጫወቱ እኔ ሲ ሰስ ፎር እይዝና ወደ ሲ ሜጀር እመልሳለሁ። በመለስኩ ቁጥር የክራሩን ክሮች በመዳፋቸው ጸጥ ያደርጓቸዋል። "ልጄ፣ ጎመዘዘ" ይሉኛል።

እኔ ሞኙ መሣሪያውን ጠረጠርኩ። ከአዲስ አበባ ክር አስመጣሁ። አዲስ የናይለን ክር ደግሞ ለቀናት እየተሳበ ስለሚረግብ ድምፁ ይባስ ወረደ። ቀጥዬ የአየሩን እርጥበት ወቀስኩ። መምህሬን ስጠይቀው "ልምምድ ያንስሃል" አለኝ፤ ምን እንደምጫወት እንኳን ሳይጠይቅ። እስካሁን ያናድደኛል። እኔስ ብሆን ጆሮዬን ትቼ ሕጉን ሳምን ምን ነክቶኝ ነበር?

በመጨረሻ ጋሼ "ክሮቹን አንድ በአንድ ምታቸው" አሉኝ። ጂ አለፈ፣ ሲ አለፈ፤ ኢ ላይ ስደርስ እጄን ያዙ። "ይህቺ ናት።"

ከሲ የሚነሳው ግማሽ ትዝታ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ኢ)፣ ጂ እና ኤ ፍላት ነው። ሜጀሩ ይዞት የሚመጣው ኢ ከክራሩ ኢ ፍላት ጋር ይጋጫል። የሰስ ፎሩ ኤፍም በቅኝቱ ውስጥ የለም። ሲ ሰስ ቱ ይዤ ሳልመልስ እዚያው ቆየሁ። ክራሩ አልቆመም።

ስለዚህ የውጭ ዘፈን ከሆነ እንደፈለጋችሁ መልሱ። ትዝታ ላይ ግን ሰስ ቱ ያዙና አትነቃነቁ፤ ሦስተኛ ድምፅ ስለሌለው ለሙሉውም ለግማሹም ይስማማል። አምባሰልና ባቲ ላይ ሰስ ፎር ይሻላል። አንቺሆዬ ላይ ሁለቱንም ተዉ፤ የቅኝቱ አምስተኛ ዝቅ ያለ ስለሆነ የኮርዱ ጂ ይጋጭበታል።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ሆን ብለው ክራሩን በአንቺሆዬ ቃኝተው ጠበቁኝ። ዩኩሌሌዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቡናዬን ጠጣሁ።